ደረሰኙን የጣሉት ሰዎች

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ከርሞ፣ በገበያ ቀን ስንዴ እያስመዘነ ሳለ ትንፋሽ አጥሮት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። እኔ በዚያ ሰዓት በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። መካነ ሰላም ውስጥ ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ ስልክ ሳይደወልልኝ የቢሮው ጥበቃ በመስኮት ጠርቶ ነገረኝ። እየሮጥኩ ስደርስ ሰዎች ቀድመው ሐኪም ፊት አድርሰውት ነበር። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ የሳንባ ምች መሆኑን ነገረንና ዛሬውኑ ወደ ደሴ ውሰዱት አለን።

የሰፈር መረዳጃውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሌላው አገር ዕድር እንደሚለው ነው። የኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት ነው፤ ሥራው ቀብር ነው ቢባልም ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። እማ ነጠላዋን እስክታነሳ ድረስ ሚኒባስ በኮንትራት ተይዞ በራችን ላይ ቆመ። ማን እንደያዘው አልጠየቅንም። ከኋላ ወንበር ላይ ሐጂ ገብተው የአባቴን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሐጂ ከአባቴ ጎን እህል የሚነግዱ፣ ከእሱ ጋር በዋጋ ሲሻሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከሹፌሩ አጠገብ ደግሞ ጎረቤታችን አናጢው ተቀመጡ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በቀብር ላይ እንኳ ሰው የሚያስቁ ሰው ናቸው።

አቀስታን ስናልፍ አባቴ ዝም አለ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ጆሮው ሥር፣

«አንተ ሰውዬ፣» አሉት፣ «ስንዴ በተወደደበት ቀን ገበያውን ለኔ ጥለህ የት ልትሄድ ነው?»

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሚዛንህን አስተካክለህ ጠብቀኝ» አለ።

«ሰማችሁ? በሞት አፋፍ ሆኖም ይሰድበኛል!»

«ኧረ ሐጂ፣ ሞትን አይጥሩብን» አለች እማ።

«አብሽሪ» አሉ ጋሼ ከፊት ሆነው። ክርስቲያን ናቸው፤ አይዞሽ ለማለት አብሽሪ የሚለው ቃል ግን እኛ አገር የሁሉም ነው። «ሞት ተሳዳቢ አይወድም። እንዲያውም ሐጂ እንደገና ያናድዱት።»

ጉጉፍቱ ላይ ጉም ወርዶ ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ ነዳ። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው በአባቴ ላይ ደረቡለት። ደሴ ስንገባ ሹፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ መጀመሪያ ባገኘው የድንገተኛ ክፍል በር ላይ አቆመ። የግል ሆስፒታል ነበር። የጤና መድን ደብተራችን እዚያ እንደማይሠራ ያወቅነው ከገባን በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ብናውቅም ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ የሚል ሰው ከመካከላችን አይወጣም ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት የማስታውሰው አንድ ነገር የበሩን መከፈትና መዘጋት ነው። ነርሷ ብቅ ትልና «የታማሚው ቤተሰብ!» ትላለች፤ በእጇ ወረቀት አለ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ከኛ ሰዎች አንዱ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄዷል። ጥቂት ቆይቶ በጥቁር ፌስታል መድኃኒት፣ መርፌ፣ ግሉኮስ ይዞ ይመጣል፤ ለነርሷ ያስረክባል፤ ተመልሶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ጋሼ፣ አንድ ጊዜም ሹፌሩ ወረቀት ሲቀበል ያየሁ ይመስለኛል። እኔ አንድም ወረቀት አልያዝኩም። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር መምጣታችንን እያሰብኩ አላህን ከማመስገን በቀር ሌላ ነገር ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

አባቴ በዚያው ክፍል ኦክስጅን ላይ ሆኖ አደረ። በማግስቱ ትኩሳቱ በረደለት፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሾርባ ጠይቆ ጠጣ። ሐኪሟ ቤት ወስዳችሁ በኪኒን መጨረስ ትችላላችሁ አለችን። ሹፌሩ በመጣበት ቀን ስለተመለሰ ከኛ ጋር የቀሩት ሐጂና ጋሼ ነበሩ፤ አንድ ርካሽ አልጋ ተከራይተው ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይውላሉ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። በኮምፒውተር የታተመ፣ በዝርዝር የተጻፈ፣ ከአንድ ገጽ የሚያልፍ ነበር። ድምሩን ሳይ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ስለ ገንዘቡ መናገር ያለብኝ ስለ እህቴ ለመናገር ነው። እህቴ ከኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዐረብ አገር ሄደች፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እሷ በምትልከው ነው። በዚያን ሰሞን ውሏ ሊያልቅ ነበር። ልትመለስ፣ መካነ ሰላም ላይ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ልትከፍት፣ ገንዘቡን በኔ የባንክ ደብተር ስታስቀምጥ ቆይታለች። ሒሳቡ ከዚያ ገንዘብ ላይ ከተከፈለ ለሱቅ ቀርቶ ለቤት ኪራይ የሚበቃ አይተርፍም። ገና አባቴ ኦክስጅን ላይ ሳለ ደውላ፣

«ከኔው ላይ አውጪ» ብላኝ ነበር። «ማዳሟ አንድ ዙር ጨምሪ እያለች ለምናኛለች። እስከ ሐሙስ መልስ ስጪኝ ብላለች። እሺ እላታለሁ፤ ሁለት ዓመት ምን አላት?»

ሁለት ዓመት ምን እንዳላት እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። እህቴ የምትሠራው አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እያነሳችና እያስተኛች ነው። አሮጊቷ ከባድ ናት። ከረመዳን በፊት አንድ ቀን ደውላ፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር እንዳቃታት፣ ማታ ማታ ወገቧን በጨርቅ ጠፍራ እንደምትተኛ ነግራኛለች። «ለእማ እንዳትነግሪ። ለአባም። ማይልኝ በይ» አለችኝ፤ ማልኩላት። ሒሳቡ የመጣው ረቡዕ ነበር። ሐሙስ በማግስቱ ነው።

ወረቀቱን እንደገና ዘረጋሁት። የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው፤ የሆስፒታል ሒሳብ አንብቤ አላውቅም። ግማሹ በምህጻረ ቃል የተጻፈ ስለሆነ አልገባኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ያወቅሁትን በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት፤ ያላወቅሁትን ተራ ጠብቄ ነርሷን ጠየቅኋት። ይህን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ነርሷ ግን አልተቆጣችም። እርሳሴን ተቀብላ ይሄ የደም ምርመራ ነው፣ ይሄ የሐኪም ክትትል ነው፣ ይሄ በክንዱ የገባችው ትንሿ ቱቦ ናት እያለች አስረዳችኝ። ኦክስጅኑ በሰዓት መታሰቡንና ሰዓቱ የበዛ መስሎ እንደታየኝ ስነግራት፣ አባቴ ሲያንቀላፋ መልሰው እንዳደረጉለት ከመዝገቡ አሳየችኝ። እሷ ልክ ነበረች፤ እኔ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ኦክስጅኑን ካለፍኩ በኋላ ነው ከታች ያሉት መስመሮች ላይ ዓይኔ የቆመው። ሁለት ዓይነት መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ቱቦዋ፣ የደረት ራጅ። እነዚህን አውቃቸዋለሁ። መርፌዎቹንና ግሉኮሱን በጥቁር ፌስታል ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለራጁም ወረቀት የተሰጠ መስሎኝ ነበር። ከፌስታሉ ጋር የመጣ ነገር ደግሞ ተከፍሎበት የመጣ ነው።

ነርሷን ስጠይቃት አሠራሩን ነገረችኝ። ድንገተኛ ታማሚ ሲገባ መጀመሪያ ክፍሉ ካለው ዕቃ ይሰጠዋል፤ በታማሚው ወረቀት ላይም ይመዘገባል። ቤተሰቡ ከፍሎ ሲያመጣ ያ ዕቃ ይተካል፤ ደረሰኙ ከካርዱ ጋር ሲያያዝ ከሒሳቡ ይሰረዛል። ደረሰኝ ካልመጣ አይሰረዝም።

ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ዘንድ ሄድኩ። በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ድምጿ የደከመ ሴት ናት።

«እነዚህ ተከፍሎባቸዋል» አልኳት።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ የኔ እህት።»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ደረሰኙን አምጪዋ።»

«ደረሰኝ የለኝም። ግን በናንተ ዘንድ የደረሰኙ ቀሪ ቅጂ የለም?»

«ቀሪውማ አለ። ካርድ ሳይወጣ የተከፈለ ስለሆነ ስም የለበትም፤ ‹ድንገተኛ› ብቻ ነው የሚለው። በዚያን ቀን ስንት ድንገተኛ እንደገባ ታውቂያለሽ? ደረሰኙን ወይ የከፈለውን ሰው አምጪ። መጥቶ ይህን ገዛሁ፣ ይህን ያህል ከፈልኩ ካለና ከቀሪው ጋር ከተስማማ ለኃላፊው አሳይቼ እሰርዝልሻለሁ።»

ለሌላ አገር ሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ቀላል ይመስለው ይሆናል። የከፈሉት ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ለኔ ግን ከመስኮቱ እስከ ዛፉ ያለው መንገድ ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ካለው ይልቅ ረዘመብኝ። እኛ ዘንድ ለታማሚ ባወጡት ገንዘብ ደረሰኝ ይዞ መገኘት ነውር ነው። ደረሰኝ የያዘ ሰው ነገ መልሱልኝ ሊል ነው ተብሎ ይታሰባል። ሐዘን ቤት ይዘውት የመጡትን እህል ሰፍረው እንደማይናገሩት ሁሉ፣ ለታማሚ የከፈሉትን ወረቀት ከመስኮቱ ሳይርቁ ቀደው ይጥሉታል። የተደረገለት ሰው ደግሞ ማን ስንት እንዳወጣ አይጠይቅም። ቀኑ ሲደርስ እሱም ለሌላው እንዲሁ ያደርጋል፤ በዚህ መካከል ሒሳብ የሚባል ነገር አይገባም።

ስደርስ ጋሼ ከሐጂ ጋር ስለ ባሕር ዛፍ ዋጋ ይከራከሩ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ። ባል ይፈልጉልኝ ካላልሽኝ በቀር ሁሉንም እመልሳለሁ።»

«ያን ቀን፣ እንደመጣን፣ መድኃኒት የገዙበት ደረሰኝ...»

ወደ ሐጂ ዞር አሉ። «መድኃኒት? እኔ መቼ መድኃኒት ገዛሁ?»

«ግሉኮሱን ይዘው ሲገቡ አይቼዎታለሁ።»

«ተሸክሜ ነዋ! ተሸካሚ ነኝ እንጂ ገዢ ነኝ አልኩሽ? ሐጂ ናቸው የገዙት።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» ሊሉ አፋቸውን የከፈቱት ሐጂ መሐላው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ለመዋሸት መማል አልፈለጉም መሰለኝ። «ምን ያደርግልሻል ልጄ?» አሉኝ በምትኩ። «አባትሽ ዳነ። አልሐምዱሊላህ በይና ተይው።»

«ደረሰኙ ካለ ከሒሳቡ ላይ ይሰርዙልናል።»

«ደረሰኝ!» አሉ ጋሼ። «ኖሮኝ ቢሆን እንኳ ጥርሴን ጎርጉሬበት ጥዬዋለሁ።»

ይህን ጊዜ እማ ከጀርባዬ መጥታ ኖሯል። ክንዴን ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችኝ። እማ በሰው ፊት አትቆጣም፤ ድምጿ ዝቅ ሲል ነው የምፈራው።

«ሰው ያደረገልንን ልትቆጥሪ ነው?»

«እማ፣ ሁለት ጊዜ ልንከፍል ነው። አንድ ጊዜ እነሱ ከፍለዋል።»

«ሁለት ጊዜስ ብንከፍል? ለነፍስ ዋጋ ይከራከሩበታል? ነገ በየትኛው ፊታችን ቅሬ እንገባለን? ‹ልጃቸው እንደ ግብር ሰብሳቢ ዛፍ ሥር መጥታ ጠየቀችን› ሲሉ ልስማ?»

«የሚከፍለው ማን ሆነና እማ?»

«እህትሽ ደስ ብሏት ነው የምትከፍል።»

ስለ እህቴ ወገብ ልነግራት አልችልም። ለእማ አልነግርም ብዬ ምያለሁ። ብነግራትም እዚያው የአባቴ አልጋ አጠገብ ታለቅሳለች፤ አባቴ ምን ሆንሽ ይላታል፤ እሷ ከሱ የምትደብቀው ነገር የለም።

ሐጂ ለሰላት ሊነሱ ውሃ ወዳለበት ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ውዱእ እስኪያደርጉ ቆሜ ጠበቅሁ። እጅጌያቸውን ሲመልሱ አዩኝ።

«አሁንም ስለ ደረሰኙ ነው?»

«ሐጂ፣ ለኛ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው? ስሚኝ ልጄ። ሰደቃ ከተናገሩት ይበላሻል። ቀኝ እጄ የሰጠውን ግራዬ እንዳያውቅ ነው የታዘዝኩት። አንቺ ደግሞ መስኮት ላይ ቆሜ ሰው እየሰማኝ ይህን ያህል አወጣሁ እንድል ትጠይቂኛለሽ። አይከብድም?»

«ይከብዳል።»

«ይከብዳል ካልሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

እግሬን እያየሁ ነገርኳቸው። ስለ ሐሙስ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ጫማው ማሰሪያ፣ በጨርቅ ስለሚጠፈረው ወገብ። መማሌንም ነገርኳቸው፤ ለአባና ለእማ እንጂ ለእርስዎ አልነግርም ብዬ አልማልኩም አልኩ። ይህ ብልጠት እንዳልሆነ፣ መሐላውን መስበር እንደሆነ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።  ከሐጂ ጺም ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«ዐረብ አገር ሄዳ የተመለሰች ልጅ አለችኝ፤ ታውቂያታለሽ» አሉ በመጨረሻ።

አውቃታለሁ። ከመጣች ጀምሮ ከቤት አትወጣም፤ ምን እንዳገኛት ሰፈሩ አይጠይቅም።

«ልስገድና እመጣለሁ» አሉኝ።

ሰግደው ሲመጡ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከኋላቸው የተሰለፉትን ዞረው፣ «አፍወን፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ» አሏቸው። ሰዎቹ ሽማግሌ አክብረው ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺም።»

«እኔም?»

«አንቺ ዋነኛዋ ነሽ። ሂጂ ወዲያ።»

በረንዳው ጫፍ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ጥምጣማቸው መስኮቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው ለገንዘብ ተቀባይዋ ይናገራሉ። እሷ የቀሪውን ጥራዝ እየገለጠች ታዳምጣለች። አንድ ጊዜ ከዐስር ሰላት በፊት፣ ሌላ ጊዜ መግሪብ ሳይደርስ ሲሉ ተሰማኝ። ስንት እንዳሉ አልሰማሁም። የእህል ነጋዴ የከፈለውን አይረሳም፤ ልጅቷ ቀሪውን ባገኘች ቁጥር ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ይታየኛል። ሐጂ ግን አንድም ጊዜ ቀና አላሉም። ዕቃ ሰርቀው የተያዙ ሰው ይመስሉ ነበር፤ እንደዚያ ያስመሰልኳቸው እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ እማ ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም ይመለሱ ብዬ አልጠራኋቸውም።

ጋሼ ከዛፉ ሥር ሲያዩ ቆይተው ተነሱ።

«ምንድነው ሐጂ የሚያንሾካሹኩት? ሊያገቧት ነው እንዴ?»

«የከፈሉትን እየተናገሩ ነው» አልኳቸው።

«ሐጂ?» ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ሐጂ አፋቸውን ከከፈቱማ የጉድ ቀን ነው።» ትንሽ ቆዩና፣ «በይ እሺ። እሳቸው ከተዋረዱ እኔ ማን ነኝ? ግን ለሰፈር ሰው ትነግሪና...»

«አልናገርም ጋሼ።»

«ግሉኮሱና ቱቦዋ ናቸው የኔ። ሌላ የለኝም። ቀዳዳ ኪስ ይዤ ነው የመጣሁት።»

እሳቸውም ተጠግተው ተናገሩ። ያለፈገግታ ሲናገሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀረው የደረት ራጁ ነው። ሐጂ የኔ አይደለም አሉ፤ ጋሼም አይደለም አሉ፤ አሁን ሁለቱም እውነታቸውን እንደሆነ አውቄያለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ በዚያ ሰዓት የተቆረጠ፣ ‹ድንገተኛ› የሚል የራጅ ቀሪ አሳየችኝ። «ይሄ የናንተ ሊሆን ይችላል። የሌላም ሊሆን ይችላል» አለች። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። ከደጎሎ ሰው ጭኖ እየመጣ ነበር።

«ራጅ? እኔ የከፈልኩት ናፍጣ ብቻ ነው» አለ። «አባትሽ እንዴት ነው? ተሻለው? በይ ትራፊክ ቆሟል፣ ቻው» ብሎ ዘጋው። መልሼ ስደውል አላነሳም። እሱ ይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን፣ ወይም በእርግጥ ያልተከፈለ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ራጁን ከፈልን።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ክፍል ገባች። ስትመለስ ከመርፌዎቹ፣ ከግሉኮሱና ከቱቦዋ ጎን ፊርማ ነበር። አዲስ ሒሳብ አትማ ሰጠችኝ። ድምሩ ከፊተኛው ከግማሽ በታች ወርዷል።

«ብዙ ሰው አይጠይቅም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከገጠር የሚመጣው በተለይ። እኛም እንፈልግ ብንል ስሙ የለም።» ወቀሳም ምስጋናም አልነበረበትም። ወዲያው ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች።

አባቴ በዚህ ሁሉ መካከል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያጠልቅ ነበር። «ስንት አሉ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ሐጂ ከኋላዬ ሲገቡ አይቶ፣ «ሚዛኑን አስተካከልክ?» አላቸው። ሐጂ ክንዱን ይዘው አነሱት።

ከሰዓት በኋላ እቃችንን ስናሰናዳ ወደ ግቢው ጥግ ሄጄ ለእህቴ ደወልኩ። አሮጊቷን አስተኝታ እንደጨረሰች ነገረችኝ፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም ነበር።

«አትፈርሚ» አልኳት።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም አልሆንኩም። ሐሙስ እሺ እንዳትያት። ሒሳቡ ቀነሰ። ለሱቁ የሚበቃ ይተርፋል፤ ትንሽ ቢጎድል ከደሞዜ እሞላለሁ።»

«እንዴት ቀነሰ?»

ነገርኳት። መስመር በመስመር፣ ነርሷ ለኔ እንዳስረዳችኝ አድርጌ። ሐጂ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ሐጂ መስኮት ላይ ቆመው ተናገሩ? እንዴት እሺ አሉሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ነገርሻቸው» አለች።

«ነገርኳቸው።»

 ከዚያ ከሩቅ የአሮጊቷ ደወል ሲጮኽ ሰማሁ፤ እህቴ ወዲያው አልሄደችም።

«አባ ሰምቷል?»

«አልሰማም። እማም።»

«አንቺን አምኜ ነበር» አለች። ደወሉ እንደገና ጮኸ። «መጣሁ!» ብላ በዐረብኛ ከተጣራች በኋላ ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ ቀስ ብላ፣ «አልፈርምም» አለችና ዘጋችው።

እህቴ የመጣችው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቤታችን ሞላ። እኔ ያን ዕለት የፈራሁት ሰው ስለ ሆስፒታሉ እንዳያነሳ ነበር፤ አንድ ጎረቤት አነሳውም። «ለመሆኑ ያን ጊዜ ስንት አስከፈሏችሁ?» አለ። ጋሼ ከአፉ ቀምተው፣ «ምን ያስከፍላሉ፣ አልሞትም ብሎ ሲሳደብ ሰልችቷቸው አስወጡት እንጂ» አሉ፤ ሰው ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጋሼ እንደ ድሮው ይቀልዱልኛል፤ ሐጂ ግን ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ቶሎ መልሰው ያልፋሉ። አልተቀየሙኝም። የከፈሉትን ሲናገሩ ስላየኋቸው፣ ፊቴን ሲያዩ ያ መስኮት የሚታያቸው ይመስለኛል። እኔም ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ትኩር ብዬ አላይም።

እህቴ እንግዶቹን እየዞረች እጅ ስትስም ሐጂ ጋ ደረሰች። «እንኳን በሰላም መጣሽ ልጄ» አሏት። እሷ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጋ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከመምጣቷ በፊት በስልክ ምን ልበላቸው እያለች ደጋግማ ጠይቃኛለች። እኔም ምንም አትበያቸው ብያታለሁ። ምንም አላለችም። እማ ከጎናቸው በርጩማ አስጠጋችላት፤ እህቴ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሐጂ ያን እያዩ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ደጅ መለሱና፣ ስንዴው ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ አባቴን ጠየቁት።